ከመዝናኛ ሮኬት ወደ ፓራሞተር፦ ሽግግሩን በሥርዓት ለመፈጸም የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሮኬት እየሠራ ሲያስወነጭፍ የኖረ ሰው ወደ ፓራሞተር፣ ማለትም ሞተር በጀርባ ተሸክሞ በጨርቅ ክንፍ ወደሚበረርበት ስፖርት፣ ለመሻገር ሲያስብ ከሌላው ጀማሪ የተሻለ ዝግጅት እንዳለው ይሰማዋል። ስሜቱ በከፊል ትክክል ነው። ነፋስን መለካት፣ የክብደትን ማዕከል ማስላት፣ ፓራሹት ማጠፍና የፍተሻ ዝርዝርን ሳይዘሉ መከተል ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሥራዎች በመሠረታዊ ነገር ይለያያሉ። በሮኬት ሥራ ደኅንነት በዋናነት የሚጠበቀው በርቀት ነው፤ በአሜሪካ የሮኬት ማኅበራት የደኅንነት ደንብ መሠረት ተመልካቾች ከኤች ደረጃ ሞተር (የሮኬት ሞተሮች በጉልበታቸው መጠን በእንግሊዝኛ ፊደል ይመደባሉ) ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከኤም ደረጃ ደግሞ 150 ሜትር ያህል ይርቃሉ። ፓራሞተር በራሪ ግን ከሞተሩ የሚርቅበት ቦታ የለውም፤ ሞተሩ ጀርባው ላይ ነው፣ የሚበርረውም አካል እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ርቀት ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ በክህሎትና በፍርድ መተካት ይኖርበታል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ለብዙ ሮኬተኞች ከባድ ነው፦ ከሁሉም በላይ የሚወዱትን ነገር፣ ሞተሩን፣ ከትምህርቱ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡት። የሚያበርርዎት ክንፉ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች የተደረደሩትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ 1፦ የሮኬቱን ሥራ በአግባቡ መዝጋት

አዲሱን ከመጀመርዎ በፊት በቤትዎ ያለውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ይቁጠሩና ይመዝግቡ፦ ያልተተኮሱ ሞተሮች፣ ፓራሹት ለማስወጣት የሚያገለግል ጥቁር ባሩድ፣ የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያዎችና የሊቲየም ባትሪዎች። እነዚህን መጋዘን ውስጥ ረስቶ ወደ ሌላ ስፖርት መሄድ አደገኛ ነው፤ በተለይ ፓራሞተር ሲጀምሩ በዚያው መጋዘን ቤንዚን ማስቀመጥ ስለሚጀምሩ አደጋው እጥፍ ይሆናል። በአሞኒየም ፐርክሎሬት የተሠራ ነዳጅ አየር ሳያስፈልገው የሚነድ በመሆኑ አንዴ ከተቀጣጠለ በማፈን አይጠፋም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አብረው ማደር የለባቸውም።

ኃይለኛ ሞተሮችን የምስክር ወረቀት ላለው ሰው ብቻ፣ በአካል ተገናኝተው ያስረክቡ። በተራ ፖስታ አይላኩ፣ ወደ ቆሻሻ ገንዳም አይጣሉ። ኤሌክትሮኒክስ ያላቸውን ሮኬቶች ለሌላ ሰው ሲሰጡ የማስወጫ ባሩዱ መውጣቱንና ባትሪው መነቀሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ። አንድ ቀን እመለስ ይሆናል የሚል ሐሳብ ካለዎት የማኅበር አባልነትዎን አያቋርጡ፤ የኃይለኛ ሮኬት የምስክር ወረቀት በዋና ዋናዎቹ ማኅበራት ዘንድ ከአባልነት ጋር የተሳሰረ ነው። የነፋስ መለኪያውን፣ የቦታ መጠቆሚያውንና የእጅ መሣሪያዎቹን ግን ለራስዎ ያስቀሩ፤ ሁሉም ያገለግላሉ።

ደረጃ 2፦ የሚሸጋገረውን ዕውቀት ከማይሸጋገረው መለየት

ሁለቱ ዓለማት ባዕድ አይደሉም። ዶሚና ጃልበርት የተባለው ፈጣሪ በ1960ዎቹ በአየር ግፊት የሚነፋውን ክፍልፋይ ክንፍ ሠራ፤ ዛሬ በፓራግላይደር፣ ማለትም ፓራሞተርም በሚበርርበት የጨርቅ ክንፍ፣ ላይ የምናየው ቅርጽ መነሻው እሱ ነው። በዚያው ዘመን ዴቪድ ባሪሽ ከጠፈር የሚመለሱ መንኮራኩሮችን በዝግታ ለማሳረፍ ያሰበውን ክንፍ ሲሞክር በ1965 ከተራራ ተዳፋት ላይ እየተንሳፈፈ ወረደበት። ሮኬተኛው «ማገገሚያ» የሚለው የሥራው ክፍል፣ ማለትም ወደ ላይ የወጣውን ነገር በደህና የመመለስ ጥበብ፣ ለፓራግላይዲንግ መወለድ አንዱ ምክንያት ነበር። ፓራሹት ማጠፍን እንደ አሰልቺ ግዴታ ይቆጥሩ ከነበረ አመለካከትዎን ከአሁኑ ያስተካክሉ፤ ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራዎ ጨርቁና ገመዱ ነው።

አሁን ወደ ልዩነቶቹ እንለፍ። የመጀመሪያው መረጋጋትን የሚመለከት ነው። ሮኬት የሚረጋጋው የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት ያህል ቀድሞ ሲገኝ ነው። ፓራግላይደር ግን የሚረጋጋው በራሪው ከክንፉ በታች ብዙ ሜትር ርቆ ስለሚንጠለጠል ነው። ይህ አቀማመጥ ይቅር ባይ ቢሆንም ይወዛወዛል። ሞተሩ ሲገፋ ሰውነት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ክንፉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የክንፉ አፍንጫም ቀና ይላል። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስቡትን የእጅ ገመዶች፣ በጥልቀት የሳበ ሰው ክንፉን ፍጥነት ነሥቶ ሊያቆመው ይችላል። በተቃራኒው በሙሉ ኃይል ሲወጣ በድንገት ሞተሩን የቀነሰ ሰው ክንፉ ከፊቱ ሲወረወር ያያል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ነዳጅ መስጫውን በዝግታ መጨመርና በዝግታ መቀነስ። መቀጣጠያ ቁልፍ ተጭኖ ሙሉ ግፊት በቅጽበት ማግኘት የለመደ እጅ ይህን እንደ አዲስ መማር አለበት።

ሁለተኛው ልዩነት በነፋስ ላይ ነው። ሮኬት ከማስወንጨፊያ ዘንጉ ሲለቅ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ይህን አስልተው ዘንጉን ማዘንበል ያውቁበታል። ፓራግላይደር ግን አየር ላይ ካለ በኋላ ከአየሩ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ ነፋስ መኖሩን አይለይም። የክንፉ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሆኖ የፊት ለፊት ነፋሱ 30 ቢሆን መሬት ላይ የሚጓዙት በ10 ብቻ ነው፤ ነፋሱ 40 ቢደርስ ቆመው ይቀራሉ፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ወደ ኋላ ይወሰዳሉ። የሮኬት ደንብ በሰዓት እስከ 32 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ ማስወንጨፍን ይፈቅዳል። ለፓራሞተር ጀማሪ ይህ ፍጹም የማይታሰብ ነው፤ ክንፉን የሚጎትተው ኃይል ከነፋሱ ፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ከ10 ወደ 20 የጨመረ ነፋስ በአራት እጥፍ ይጎትትዎታል።

ሦስተኛው የግፊትን መጠን ይመለከታል። የተለመደ ባለ 185 ሲሲ የፓራሞተር ሞተር 75 ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለትም ከ700 ኒውተን በላይ፣ ይገፋል። የኤች ደረጃ የሮኬት ሞተር ጠቅላላ ግፊቱ (የሚገፋበት ኃይል በሚቆይበት ሰከንድ ሲባዛ) ቢበዛ 320 ኒውተን ሰከንድ ስለሆነ ይህን ያህል ቢገፋ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይቆይም። ፓራሞተሩ ግን ነዳጁ እስኪያልቅ ለሰዓታት ይገፋል። በሮኬት ውስጥ ውሳኔው ሁሉ ከመነሳት በፊት ያልቃል፤ እዚህ ከመነሳት በኋላ ገና ይጀምራል።

አራተኛውና በእኔ እምነት አደገኛው የሠሪነት ልማድ ነው። ሮኬተኛ የራሱን አካል ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ አሻሽሎ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሙከራው ቢከሽፍ የሚጠፋው ካርቶንና ፋይበር ነው። የክንፍ ገመድ ርዝመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲዛባ ግን የክንፉ ባሕርይ ይለወጣል። ክንፍን፣ መታጠቂያን፣ ማያያዣ ቀለበትንና መጠባበቂያ ፓራሹትን በእጅ ከመሥራትም ከማሻሻልም ይቆጠቡ። የመሥራት ፍላጎትዎ ሞተሩን በመጠገንና ማጓጓዣውን በማዘጋጀት ይርካ።

ደረጃ 3፦ ሕጉንና አሠልጣኙን ማወቅ

ሕጉ ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያል። በአሜሪካ ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ክፍል 103 የተባለው ደንብ ባዶ ክብደታቸው ከ115 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ባለአንድ ሰው በራሪዎች የአብራሪ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሰው በሚበዛበት አካባቢ አናት ላይ መብረርን ግን ይከለክላል። ፈረንሳይና ጀርመን በአንጻሩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የሚኖሩበትን አገር ደንብ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ በቀጥታ ይጠይቁ። ሮኬተኛ ሰማዩ ለተወሰነ ሰዓት እንዲለቀቅለት ያመለክታል፤ ፓራሞተር በራሪ ግን ሰማዩን ከአውሮፕላንና ከሄሊኮፕተር ጋር ይጋራል፣ ስለዚህ የአየር ክልል ካርታ ማንበብ የትምህርቱ አካል ነው።

ፈቃድ በማይጠየቅበት አገርም ቢሆን ያለ አሠልጣኝ አይጀምሩ። ሮኬትን ከመጻሕፍትና ከቪዲዮ ተምሮ መሥራት ይቻላል፤ ይህንን ግን አይቻልም። አሠልጣኝ ሲመርጡ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ተማሪው ሞተር ከመሸከሙ በፊት ስንት ቀን ክንፍ ብቻ ያንቀሳቅሳል? በመጀመሪያ በረራዎች በሬዲዮ ይመራል ወይ? አየሩ ካልተመቸ ሥልጠናው ይራዘማል ወይስ በተያዘለት ቀን ያልቃል? አስቀድሞ መሣሪያ እንዲገዙ የሚገፋፋ ወይም በሁለት ቀን አበርርሃለሁ የሚል አሠልጣኝ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ጥሩ መሠረታዊ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ደረጃ 4፦ ክንፉን መሬት ላይ መቆጣጠር

ይህ ደረጃ ረጅሙ ነው፤ ረጅምም መሆን አለበት። ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ዛፍና ሕንፃ ነፋሱን የማያዛቡበት ሜዳ ይምረጡ። ክንፉን ጀርባው መሬት እንዲነካ አድርገው፣ የአየር መግቢያዎቹ ወደ ላይ ሆነው፣ በቅስት ቅርጽ ይዘርጉት። ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየለዩ ከጨርቁ ሥር ያልገባ፣ ያልተቋጠረና ቅጠል ወይም እንጨት ያልያዘው መሆኑን ያረጋግጡ።

ነፋሱ ደካማ ሲሆን ወደ ፊት ማስነሣትን ይለማመዱ፦ ጀርባዎን ለክንፉ ሰጥተው፣ ፊት ለፊት ያሉትን ራይዘር የሚባሉ ጥብጣቦች በክንድዎ ይዘው፣ በእኩል ኃይል ወደ ፊት ይራመዳሉ። ነፋሱ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ ተገላብጦ ማስነሣትን ይማሩ፦ ፊትዎን ወደ ክንፉ አዙረው ያነሡትና አናትዎ ላይ ሲደርስ በፍሬን ያዝ አድርገው ወደ ፊት ይዞራሉ። የሚዞሩበትን አቅጣጫ ክንፉን ከማንሣትዎ በፊት ይወስኑ፤ በተሳሳተ ጎን የዞረ ሰው ጥብጣቦቹ ተጠማዘው መሪ አልባ ሆኖ ሊነሣ ይችላል።

ክንፉ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል በደመ ነፍስ የሚመጣው ስሕተት ወደ ተቃራኒው መጎተት ነው። ትክክለኛው ግን ወደ ክንፉ መሄድ፣ ከሥሩ መግባት፣ ከዚያም ከፍ ያለውን ጎን በፍሬን በቀስታ ማውረድ ነው። ይህ እጅና እግር ሳይታዘዙ የሚሠሩት ነገር እስኪሆን ድረስ ይደገም። ዒላማዎ ክንፉን ለብዙ ደቂቃ ሳይወድቅ አናትዎ ላይ ይዘው፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መራመድ ነው። ነፋሱ አይሎ መጎተት ከጀመረ ሁለቱንም ፍሬኖች እስከ መጨረሻ ሳቡና ወደ ክንፉ ሩጡ የሚለው ትእዛዝም በዚሁ ልምምድ ውስጥ በተግባር መፈተን አለበት።

የሮኬት ሜዳ ላይ ለአንድ ደቂቃ በረራ ግማሽ ቀን የሚያዘጋጅ ሰው ትዕግሥት አለው። ያን ትዕግሥት እዚህ ያምጡት። ሞተር ተሸክመው ሲነሡ ከሚገጥሙ ውድቀቶች ብዙዎቹ ክንፉን በደንብ ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው፤ የተሰበረ ፕሮፔለር ዋጋ ደግሞ በሜዳ ላይ ከሚያሳልፉት ተጨማሪ ሳምንት ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ መሣሪያ መምረጥ

ከሥልጠናው በፊት አይግዙ፤ ሲገዙም ከክንፉ ይጀምሩ። ክንፎች በአውሮፓ ደረጃ ከኤ እስከ ዲ ይመደባሉ፤ ኤ ለጀማሪ የሚሆነውና ሲታጠፍ በራሱ የሚመለሰው ነው። የክንፉን መጠን የሚወስነው አየር ላይ የሚወጣው ጠቅላላ ክብደት ነው። ለምሳሌ ሰውነት 80፣ ሞተር 25፣ ስምንት ሊትር ነዳጅ 6፣ ክንፍ 6፣ ልብስ፣ ሄልሜትና መጠባበቂያ ፓራሹት 5 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 122 ነው፤ የሚገዙት ክንፍ የተፈቀደለት የክብደት ክልል ይህንን ቁጥር ማካተት አለበት። አነስተኛ ክንፍ ፈጣንና ማራኪ ነው፣ ለጀማሪ ግን አይሆንም።

በሞተር ምርጫ ሮኬተኛው ዘወትር ወደ ትልቁ ያደላል፤ ከፊደል ወደ ፊደል ሲወጣ ጠቅላላ ግፊት እጥፍ የሚሆንበት ዓለም ውስጥ ስለኖረ ነው። እዚህ ግን ከሚያስፈልግ በላይ የሆነ ግፊት ክብደትን፣ የማሽከርከር ኃይልንና ድካምን ይጨምራል። ቀለል ያለ ሰው በ80 ሲሲ ሞተር በደህና ይማራል። ጀርባዎ ላይ አድርገው ሳይሮጡበት ምንም ሞተር አይግዙ። ያገለገለ ክንፍ ከሆነ ደግሞ የጨርቁ አየር አሳላፊነትና የገመዶቹ ርዝመት በባለሙያ መለካቱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ፤ ፀሐይ ጨርቁን ዓይን ሳያየው ታደክመዋለች። ውኃ አጠገብ የሚበርሩ ከሆነ ውኃ ሲነካው በራሱ የሚነፋ ተንሳፋፊ በሞተሩ ላይ ያስገጥሙ፤ ውኃ ላይ የወደቀ በራሪን ሞተሩ በፊቱ ደፍቶ ያሰምጠዋል።

ደረጃ 6፦ ሞተሩን መሬት ላይ ማወቅ

አብዛኞቹ ሞተሮች ባለሁለት ምት ስለሆኑ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ነው፣ የአምራቹ መመሪያ ግን የመጨረሻው ቃል ነው። በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር ያህል ይፈጃሉ። ካንዴላውን፣ ማርሚታውን የሚይዙትን ምንጮች፣ ቺንጋ ካለው ውጥረቱን፣ የፕሮፔለሩን ቡሎኖች ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይፈትሹ። ንዝረት ቡሎን ይፈታል፤ የተፈታው ቡሎን የሚሄደውም ወደ ኋላ፣ ወደ ፕሮፔለሩ ነው።

በዚህ ስፖርት ከባድ ጉዳቶች ከሚደርሱባቸው ጊዜያት አንዱ መሬት ላይ ሞተር የሚነሣበት ቅጽበት ነው። ነዳጅ መስጫው ተይዞ ከቀረ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ይነሣና ወደ አስነሺው ይገፋል፣ እጅም ፕሮፔለሩን በከበበው የመከላከያ ቀለበት መረብ አልፎ ፕሮፔለሩን ያገኛል። እዚህ ላይ የሮኬት ልምድዎ ከወርቅ ይበልጣል። ማቀጣጠያ የተገናኘበትን ሮኬት እንዴት እንደሚቀርቡት ያውቃሉ፤ ያልተነሣ ሮኬትን 60 ሰከንድ ሳይጠብቁ እንደማይነኩት ያውቃሉ። ፓራሞተሩንም በዚያው አክብሮት ይያዙት፦ ነዳጅ መስጫው ወደ ዜሮ መመለሱን በእጅዎ ፈትነው፣ ገመዱ ምንም እንዳልያዘው ዓይተው፣ ማጥፊያ ቁልፉ መሥራቱን አረጋግጠው፣ ሰው ከፕሮፔለሩ ጎንና ኋላ መራቁን ጮኸው ጠይቀው፣ ሙሉ ግፊት ቢመጣ እንኳ ሊቋቋም በሚችል አቋም ላይ ሆነው ያስነሡ። ሞተር እየሠራ ወደ ኋላ እጅ አይዘረጋም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው በረራ

ጊዜው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ወይም ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ይሁን። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ የሚነሣው አየር ክንፍን ሊያጣጥፍ ይችላል፤ ከዛፍና ከኮረብታ በስተጀርባ ያለው አዙሪትም እንዲሁ። ሮኬተኛ የሚለካው በአንድ ቦታ ያለውን ነፋስ ነው፣ እርስዎ ግን ነፋሱ በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ምን እንደሚሆንና በሚቀጥለው ሰዓት ወዴት እንደሚለወጥ ትንበያውን አንብበው ይወስናሉ።

የእግር ማሰሪያዎችን ሲታጠቁ መጀመሪያ ይቆልፉ፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ላይ ይፍቱ፤ ደረቱን ብቻ አስሮ የተነሣ ሰው ከመታጠቂያው ሊያመልጥ ይችላል። ክንፉን ያነሣሉ፣ አናትዎ ላይ መረጋጋቱን ያያሉ፣ ከዚያ ብቻ ግፊት ጨምረው ይሮጣሉ። እግርዎ መሬት ሲለቅ ለመቀመጥ አይቸኩሉ፤ ያለጊዜው የተቀመጠ ሰው ተመልሶ መሬት ሊነካና በፕሮፔለሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ክንፉን አንሥተው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ያቋርጡ፤ ማቋረጥን ደግመው ደጋግመው መለማመድ ከመነሣት እኩል ያስፈልጋል።

ከተነሡ በኋላ ፊትዎን ወደ ነፋሱ አድርገው ቢያንስ 100 ሜትር እስኪደርሱ አይዙሩ። ሞተሩ የሚያመጣው የማሽከርከር ኃይል ወደ አንድ ጎን ስለሚጎትት ግፊቱን ትንሽ ይቀንሱ እንጂ በፍሬን ብቻ አይታገሉት። ሞተሩ በማንኛውም ቅጽበት ሊጠፋ እንደሚችል አድርገው ይብረሩ፤ በጸጥታ አየር ከ150 ሜትር ከፍታ ላይ የጠፋ ሞተር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የመንሳፈፍ ዕድል ይሰጥዎታል፣ ወደ ነፋስ ከሆነ ግን እጅግ ያነሰ። ስለዚህ ከሥርዎ ሁልጊዜ ሊያርፉበት የሚችሉበት ሜዳ ይኑር፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ቀድመው ይፈልጉ፣ ከአየር ላይ የሚታየው ምሰሶው እንጂ ሽቦው አይደለም። ለማረፍ በ30 ሜትር ገደማ ሞተሩን ያጥፉ፣ ወደ ነፋስ ፊት ቀጥ ብለው ይምጡ፣ እግርዎን ያውርዱ፣ ከመሬት አንድ ሁለት ሜትር ሲቀርዎት ፍሬኑን በእኩልነት እስከ ታች ይሳቡ።

ደረጃ 8፦ ከመጀመሪያዎቹ በረራዎች በኋላ

የሮኬት መዝገብዎን የያዙበትን ልማድ ይቀጥሉ፤ ነፋስን፣ የአየር ሙቀትን፣ የነዳጅ ፍጆታን፣ የሞተር ሰዓትንና ያስጨነቀዎትን ነገር ሁሉ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ይጻፉ። ትሪመር የሚባሉትን የፍጥነት መልቀቂያዎች ለጊዜው አምራቹ ለመነሣትና ለማረፍ ባዘዘው ቦታ ላይ ይተዉአቸው፤ በብዙ የፓራሞተር ክንፎች ትሪመሩ ተለቅቆ ፍሬን በጥልቀት መሳብ ክንፉን ለመታጠፍ ያጋልጣል። ዝቅ ብሎ መብረርንና በጥልቀት አዘንብሎ መዞርን የሚያስተምር ሁለተኛ ሥልጠና እስኪወስዱ ድረስ ከፍታን ይምረጡ፤ ከፍታ ስሕተትን ለማረም የሚያስፈልግ ጊዜ ነው።

ክንፉን በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ያስፈትሹ። መጠባበቂያ ፓራሹቱን አምራቹ ባዘዘው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ውስጥ፣ አስፈትተው እንደገና ያሳጥፉ፤ ለማሳጠፍ ከመስጠትዎ በፊትም መታጠቂያው ላይ ተንጠልጥለው እጀታውን በየትኛው እጅና በየት አቅጣጫ እንደሚስቡት ይሞክሩት፣ ሲሳብም ገመዱ ከፕሮፔለሩ መከላከያ ቀለበት ጋር እንደማይጠላለፍ አሠልጣኙ አብሮዎት ቆሞ ያረጋግጥ።